የተዳፈነው ነጭ ተራራ

በገጠር ቤት እራት ተበልቶ ካበቃ በኋላ የእመቤቲቱ የመጨረሻ ሥራ እሳት ማዳፈን ነው። ፍሙን ሰብሰብ አድርጋ አመድ ታለብሰዋለች። ለእንግዳ ሰው ምድጃው የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ከነጭ አመድ በቀር የሚታይ ነገር የለም። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ግን እጁን አይሰድም። ጠዋት አመዱ ገለጥ ሲደረግ ፍሙ እንደነበረ እንደሚገኝ ያውቃል። የተዳፈነ እሳት የጠፋ እሳት አይደለም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ምድጃ ለማውራት አይደለም። ላወጋችሁ የፈለግሁት በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ከፊላዴልፊያ በስተ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ አምብለር ስለምትባል ትንሽ ከተማና እዚያ ስለተዳፈነ ነገር ነው። ነገሩ አስቤስቶስ ይባላል። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን ፍቺውም «የማይጠፋ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያሰቡት እሳትን ነበር። እኛ ዛሬ ስሙን የምንረዳው በሌላ መንገድ ነው።

በአምብለር ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ዝቃጭና ስብርባሪ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት፣ በአጥር ተከልሎ ይገኛል። የአገሩ መንግሥት የመሸፈኑ ሥራ ተጠናቋል ብሎ ይህን ክምር ከአደገኛ ቦታዎች መዝገብ ከሰረዘው ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ለመሆኑ አፈር የለበሰ መርዝ «አለቀለት» ሊባል የሚችለው መቼ ነው? መልሱን ለማግኘት ከአፈሩ በፊት ታሪኩን መቆፈር ሳያሻ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ስሟን ከማን አገኘች?

ጁላይ 17 ቀን 1856 ከፊላዴልፊያ የተነሳ ባቡር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለሽርሽር ጭኖ ሲጓዝ ከፊት ለፊቱ ከመጣ ሌላ ባቡር ጋር ተላተመ። ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። በአቅራቢያው ወይዘሮ ሜሪ አምብለር የሚባሉ የኩዌከር እምነት ተከታይ ይኖሩ ነበር። አደጋውን እንደሰሙ ለቁስል ማሰሪያና ለእርዳታ የሚሆን ነገር ሰብስበው በእግራቸው ወደ ስፍራው ሄዱ። ቁስለኞቹን አነሱ፣ አጠቡ፣ አስታመሙ፤ ቤታቸውንም ማስታመሚያ አደረጉት። ሴትየዋ በ1868 ሲያርፉ የባቡር ኩባንያው ውለታቸውን አልረሳም። በማግስቱ ዓመት የዚያን አካባቢ ጣቢያ በስማቸው ሰየመው፤ ከተማዋም ስሙን ከጣቢያው ወረሰች።

እንግዲህ አምብለር ስሟን ያገኘችው ቁስለኛ ካነሱ ሴት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ለኋላ በልቡ እንዲያቆይልኝ እጠይቃለሁ።

ሐኪሙ፣ ቤተ መንግሥቱና ፋብሪካው

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ከፊላዴልፊያ ፋብሪካቸውን ነቅለው ወደ አምብለር መጡ። አንደኛው ሄንሪ ኪስቢ ገንዘብ ነበራቸው። ሁለተኛው ዶክተር ሪቻርድ ማቲሰን የሕክምናና የመድኃኒት ቅመማ ዕውቀት ነበራቸው። «ኪስቢና ማቲሰን» የተባለው ኩባንያቸው መጀመሪያ ይሠራ የነበረው መድኃኒት ነው። ለሆድ ሕመምና ለራስ ምታት የሚሆን ነገር እየቀመመ ይሸጥ ነበር።

ሀብቱ የመጣው ግን ከመድኃኒቱ አልነበረም። ማግኔዥያ የተባለው ነጭ ዱቄት ሙቀት አያስተላልፍም። ዘመኑ ደግሞ የእንፋሎት ዘመን ነበር። በየፋብሪካው፣ በየመርከቡና በየባቡሩ የጋለ የእንፋሎት ቱቦ አለ፤ ቱቦው ሙቀቱን በከንቱ እንዳይበትን የሚያለብሱት ነገር ይፈለጋል። 85 እጅ ማግኔዥያ ከ15 እጅ አስቤስቶስ ጋር ሲቀላቀል ዱቄቱ ሥጋ፣ ቃጫው ጅማት ሆነለትና ለቱቦ የሚስማማ ልባስ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ኩባንያው በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር የራሱን የአስቤስቶስ ማዕድን ይዞ የጣሪያ ንጣፍ፣ የውሃ ቱቦ፣ የፍሬን ሸራና እሳት የማይበላው ጨርቅ ማምረት ጀመረ። አምብለርም «የዓለም የአስቤስቶስ ዋና ከተማ» ለመባል በቃች።

ዶክተር ማቲሰን ፋብሪካ ብቻ አልነበረም የገነቡት፤ ከተማዋን ራሷን እንጂ። ወደ 400 የሚጠጉ ቤቶች አሠሩ። ለሥራ አስኪያጆች ሰፋፊ የድንጋይ ቤቶች፣ ለሠራተኛው የተያያዙ ጠባብ ቤቶች ሆኑና የአንድ ሰው ማዕረግ ከሚኖርበት መንገድ ይታወቅ ነበር። የሙዚቃና የቴአትር አዳራሽም ተሠራ። ልጃቸው በታይፎይድ ስትሞትባቸው ለመታሰቢያዋ ግሩም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ለራሳቸው ደግሞ የእንግሊዝን ነገሥታት የዊንድሰር ቤተ መንግሥት እንዲመስል ያደረጉት ግንብ ነበራቸው።

ይህን ሁሉ ድንጋይ የጠረቡትና የካቡት፣ ፋብሪካውንም ያንቀሳቀሱት ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ድሆች ነበሩ። አንደኞቹ ከደቡብ ኢጣሊያ፣ በተለይም በካላብሪያ ከምትገኘው ከማይዳ የመጡ ናቸው። አንዱ ወንድሙን፣ ወንድሙ የአክስቱን ልጅ እየጠራ መንደሩ በሙሉ ተሻግሮ መጣ ማለት ይቻላል። ሁለተኞቹ ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ ከእነ ቨርጂኒያ፣ ሥራና ክብር ፍለጋ ወደ ሰሜን የተሰደዱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የሁለቱም ቤቶች የተደረደሩት ከከተማዋ በታች በኩል፣ ከፋብሪካውና ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። ፋብሪካው ቆሻሻውን የሚደፋውም እዚያው ነበር።

በተራራው ላይ መንሸራተት

ማንኛውም ፋብሪካ ትርፍ አለው፤ ውዳቂም አለው። ከአምብለር ፋብሪካዎች የሚወጣው ውዳቂ ነጭ ጭቃ ነበር። የማግኔዥያው ዝቃጭ፣ የተሰበረ የጣሪያ ንጣፍ፣ የተበላሸ ቱቦ፣ ተረፈ ቃጫ ሁሉ በየቀኑ ይደፋ ነበር። ጭቃው ሲደርቅ ነጣ፤ ሲከመር ደግሞ ተራራ ሆነ። የከተማዋ ሰዎች «ነጮቹ ተራሮች» ይሏቸው ነበር።

ልጆች ባሉበት ሰፈር ተራራ ከተገኘ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ታሪክ ሰብሳቢዎች ኋላ ላይ ያነጋገሯቸው የአምብለር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በልጅነታቸው ክምሩ ላይ ይወጡ፣ ይንሸራተቱ፣ ይንከባለሉ እንደነበር አውርተዋል። ቤታቸው ሲመለሱ ዱቄት ውስጥ የወደቁ ይመስሉ ነበር። አባት ከፋብሪካ ሲመጣ እሱም ነጭ ነው፤ እናት ልብሱን አራግፋ ታጥባለች። ያ ነጭ አቧራ በቤቱ ውስጥ እንጀራ ማለት ነበር። ፋብሪካው ካጨሰ ደመወዝ አለ፤ ደመወዝ ካለ ልጆቹ ይማራሉ። አቧራውን የሚረግም ሰው አልነበረም።

ያገራችን ሰው «አሳስቆ የሚወስድ ውሃ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። አስቤስቶስ አይሸትም፣ አያቃጥልም፣ አያሳክክም። በዓይን የማይታየው ቃጫው ከሰው ፀጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ ስለሆነ ትንፋሽ እየተከተለ እስከ ሳንባ ጥግ ይገባል። ሰውነት ሊያሟሟው አይችልም፤ እሳትና አሲድ ያልበገሩትን ነገር ሰውነት ምን ያደርገዋል? ከ20፣ ከ30፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ሳንባውን ጠባሳ ያደርገዋል፤ ይህ አስቤስቶሲስ ይባላል። ወይም የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ወይም ደግሞ የሳንባን ሽፋን የሚይዘውን ሜሶቴሊዮማ የተባለ ክፉ ነቀርሳ ያስከትላል። በአሥር ዓመቱ ክምሩ ላይ የተንሸራተተ ልጅ ዋጋውን የሚከፍለው የልጅ አባት ምናልባትም አያት ከሆነ በኋላ ነው።

ሳይታወቅ ቀርቶ ነበርን?

«በዚያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። የታሪኩ ቅደም ተከተል ግን ለዚህ ክርክር ብዙ ቦታ አይተውለትም።

በ1924 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ ኔሊ ኬርሾ የምትባል የ33 ዓመት ሴት ሞተች። የአስቤስቶስ ክር ፈታይ ነበረች። ሳንባዋን የመረመረው ሐኪም የአስቤስቶስ ብናኝ ጠባሳ እንዳደረገው አገኘና ግኝቱን በዚያው ዓመት በታዋቂ የሕክምና መጽሔት አወጣው። አሠሪዋ ተርነር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ካሳ አልከፍልም አለ። በ1930 በእንግሊዝ መንግሥት ትእዛዝ የተካሄደው የሠራተኞች ምርመራ ይፋ ሆነ፤ በ1931ም የፋብሪካ አቧራን የሚቆጣጠር ደንብ ወጣ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ በኢኮኖሚው ድቀት የተዳከመውን የአምብለሩን ፋብሪካ የገዛው ማን ነበር? ተርነር ኤንድ ኒዎል፤ ማለትም የኔሊ ኬርሾ አሠሪ የተጠቃለለበት ያው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ስለዚህ የአምብለርን ነጭ ጭቃ ከ1934 በኋላ መከመሩን የቀጠለው ባለቤት በገዛ አገሩ ስለዚህ አቧራ ደንብ ወጥቶበት የነበረ ነው። ሳያውቅ ነው ለማለት ይቸግራል። ዶክተር ማቲሰን ግን ይህን ሁሉ ለመከራከር አልቆዩም። በ1936 አረፉ፤ ግንባቸውም በካቶሊክ መነኮሳይያት እጅ ገብቶ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ሆነ።

በ1960 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ወሬ መጣ። ዋግነር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በኬፕ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ምዕራብ የታዩ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞችን ታሪክ አወጡ። በጣም ያስደነገጠው ከነዚህ ውስጥ ማዕድን ጉድጓድ ገብተው የማያውቁ ሰዎች መኖራቸው ነበር። በልጅነታቸው በአካባቢው ኖረዋል፤ በቃ። መታመሚያው የሥራ ቦታ ብቻ አለመሆኑ፣ ሰፈርም እንደሚገድል ያን ጊዜ ታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ የአምብለሩ «ኪስቢና ማቲሰን» ሥራውን ዘግቶ ንብረቱ ለሁለት ሌሎች ኩባንያዎች ተሸጠ። ኒኮሌት እና ሰርተንቲድ የተባሉት እነዚህ ኩባንያዎችም እስከ 1970ዎቹ ድረስ እዚያው ክምር ላይ መድፋታቸውን ቀጠሉ።

አፈር ማልበስ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ሕጉ የደረሰው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1980 ሱፐርፈንድ የሚባለውን ሕግ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መርዛም ቆሻሻ የተጣለባቸው ቦታዎች ይመዝገቡ፣ ያቆሸሸው ይክፈል፣ ከፋይ ከጠፋ መንግሥት ያጽዳ የሚል ነው። በ1984 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አምብለር ገብቶ አስቸኳይ ሥራ ጀመረ። ከክምሩ አጠገብ የልጆች መጫወቻ ስለነበረ መጀመሪያ እሱን ማስቆም ነበረበት። በ1986 «የአምብለር የአስቤስቶስ ክምሮች» በብሔራዊው የአደገኛ ቦታዎች መዝገብ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ዶክተር ማቲሰን ለልጃቸው መታሰቢያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በእሳት ወደመ። እሳትን እከላከላለሁ ብሎ የከበረው ሰው ሕንፃ ተቃጠለ፤ ትቶት የሄደው ውዳቂ ግን አለ።

ታዲያ ያን የሚያህል ተራራ ምን ይደረግ? ቆፍሮ መውሰድ ይቻላል። ነገር ግን አስቤስቶስ የሚጎዳው ሲተነፈስ ነው፤ ቁፋሮ ደግሞ የተኛውን አቧራ መቀስቀስ ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር የጭነት መኪና በሰዎች ደጃፍ ሊመላለስ፣ ዞሮ ዞሮም ቆሻሻው ሌላ ሰፈር ሄዶ ሊቀበር ነው። በከፍተኛ ሙቀት አቅልጦ ማምከንም ይቻላል፤ ወጪው ግን ለዚህን ያህል መጠን የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የተመረጠው ማዳፈን ሆነ። ገደሉ ተስተካከለ፣ ንጹሕ አፈር ተነጠፈበት፣ ሣር ተዘራበት፣ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ተቀየሰ፣ ዙሪያው ታጠረ። በዲሴምበር 1996 ቦታው ከመዝገቡ ተሰረዘ።

የባለሙያዎቹ አስተሳሰብ ይህን ይመስላል። አንድ መርዝ ሰውን እንዲጎዳ ሦስት ነገሮች መያያዝ አለባቸው፤ ምንጭ፣ መንገድና ተቀባይ። ክምሩ ምንጭ ነው፣ አየሩ መንገድ ነው፣ የሚተነፍሰው ሰው ተቀባይ ነው። ከሦስቱ አንዱን ከቆረጡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የአፈሩ ክዳን ምንጩን አያጠፋም፤ መንገዱን ይዘጋል እንጂ። በመሆኑም በተከደነ ቦታ ላይ የሚደረግ የስጋት ግምገማ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። መንገዱ እንደተዘጋ ነው ወይ?

ሁለተኛው ኮረብታ

አምብለር በ1996 እፎይ አለች። ነገር ግን ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በምዕራብ አምብለር፣ ሌላ ቦታ ነበር። ዛሬ ቦሪት በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ስፍራ 13 ሄክታር ያህል ሲሆን አንድ የአስቤስቶስ ክምር፣ አንድ ሰው ሠራሽ ኩሬና ቀድሞ መናፈሻ የነበረ ሜዳ ያጠቃልላል። የኩሬው ግድብ ራሱ የተሠራው ከአስቤስቶስ ንጣፍ ስብርባሪና ከአፈር ነበር። መናፈሻው በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘግቷል፤ በክምሩ ላይ ደግሞ ዛፍ በቅሎበት ነበር። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ሲያልፍ ነጩ ተራራ አረንጓዴ ኮረብታ መሰለ። አዲስ የመጣ ሰው ምን ያውቃል?

በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ የሕንፃ ነጋዴ በዚያ ቦታ ላይ 17 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ለማቆም ሐሳብ አቀረበ። ያን ጊዜ የነቁት የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው። የሰፈሩ ነዋሪዎች ተቃውመው ተነሱ፤ ስብሰባ ጠሩ፤ ኤጀንሲው መጥቶ እንዲመረምር ጠየቁ። ምርመራው አስቤስቶሱ በጅረቶቹ ዳር ተገልጦ፣ በየቦታው አፈር ላይ ወጥቶ መገኘቱን አሳየ። በ2008 ሥራ ተጀመረ፤ በ2009 ቦሪት በብሔራዊው መዝገብ ገባ። የጅረቶቹ ዳርቻ ተጠናከረ። ኩሬው ተሟጥጦ ወለሉና ግድቡ ከተሸፈነ በኋላ እንደገና ውሃ ተሞላበት። ክምሩና መናፈሻው ጨርቅ መሰል የመሬት ንጣፍና ቢያንስ ሁለት ጫማ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ንጹሕ አፈር ለበሱ። በ2017 ኤጀንሲው ይህ ክዳን ዘላቂ መፍትሔ እንዲሆን ወሰነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለአምብለር ሁለተኛው አደጋ የመጣው ከዝናብ ወይም ከነፋስ አይደለም፤ ከመርሳት ነው። አስቤስቶሱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ የሕንፃው መሠረት በቀጥታ ክምሩ ውስጥ ሊቆፈር ነበር።

የ60 ሳንቲ ሜትር ጠላቶች

የተከደነ ቦታን የሚመረምሩ ባለሙያዎች የክዳኑን ጠላቶች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው ውሃ ነው። በአምብለር ዊሳሂከን የሚባለው ወንዝና ገባሮቹ በክምሮቹ ግርጌ ያልፋሉ። ጎርፍ ዳርቻውን ከቦረቦረ ክዳኑ ከላይ ደህና ቢሆንም ከሥር ይገለጣል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 «አይዳ» የተባለው ማዕበል ቅሪት አካባቢውን በጎርፍ ሲያጥለቀልቅ፣ አውሎ ነፋስም ከአምብለር አጠገብ ባሉ መንደሮች ዛፎችን ሲነቅል ነበር። ለስጋት ገምጋሚ እንዲህ ያለ ቀን ፈተና ነው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። በቀዝቃዛ አገር በክረምት አፈር ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋል፣ ሲረጋም ያብጣል፣ በጸደይ ይቀልጣል። በዚህ መነሣትና መውረድ ከሥር ያለ ድንጋይና ስብርባሪ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ይገፋል። ክዳኑ ስስ ከሆነ የተቀበረው ራሱ ይወጣል። ሦስተኛው ሥርና እንስሳ ነው። ዛፍ በማዕበል ሲወድቅ ከነሥሩ አፈሩን ይዞ ይነሣል፤ ፍልፈል መሰል ቆፋሪ እንስሳም ጉድጓዱን ሲምስ ከታች ያለውን አውጥቶ ይደፋል። ሣር በየጊዜው የሚታጨደውና ችግኝ የሚነቀለው ለውበት አይደለም።

አራተኛው ረቂቅ ነው። ለብዙ ዘመን የታመነው አስቤስቶስ በአፈር ውስጥ አይሄድም ተብሎ ነበር። በአምብለር በብዛት የተሠራበት ዓይነት፣ ክሪሶታይል የሚባለው ነጩ አስቤስቶስ፣ ከአፈር ቅንጣት ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላለው እዚያው ይጣበቃል የሚል ነው። በ2021 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያወጡት የቤተ ሙከራ ጥናት ግን ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር የሚወጣውና በውሃ የሚሟሟው ነገር ቃጫውን ሲለብሰው ጠባዩን እንደሚለውጥበት አሳየ። ያን ጊዜ ቃጫው አፈሩን ትቶ ከውሃው ጋር ይሾልካል። በውሃ የተወሰደ ቃጫ ደግሞ ወንዝ ዳር ተኝቶ ሲደርቅ ተመልሶ አቧራ መሆን ይችላል። ይህ ማለት ክዳኑ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ክዳን ከአየር ይከላከላል፤ በአየርም በኩል ዋናው አደጋ ተዘግቷል። ሆኖም ትናንት እርግጠኛ የነበርንበት ግምት ዛሬ እንደገና መመዘን እንዳለበት ያስተምራል።

ምዘናውም እንዲሁ በዓይን አይሆንም። ኤጀንሲው በ2008 ባወጣው መመሪያ አፈሩን መመርመር ብቻ እንደማይበቃ አስፍሯል። ባለሙያ የመከላከያ ልብስ ለብሶ፣ አየር መሳቢያ መሣሪያ በአፍንጫው ትይዩ ታጥቆ፣ ተራ ሰው የሚሠራውን ይሠራል፤ ሣር ያጭዳል፣ መሬት ይጭራል፣ ብስክሌት ይነዳል። ከዚያ የተሳበው አየር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቶ ቃጫዎቹ ይቆጠራሉ። ጥያቄው «አፈሩ ውስጥ ስንት አለ?» ሳይሆን «እዚህ የሚኖር ሰው ስንቱን ይተነፍሳል?» ነውና።

የሰዎቹስ ነገር? የፔንሲልቬኒያ የጤና መሥሪያ ቤት መዝገብ ከ1992 ወዲህ ያለውን ሲመረምር ሜሶቴሊዮማ በአምብለር አካባቢ ከተለመደው በላይ ሆኖ አግኝቶታል። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የ1930ን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ይዘው የዚያን ጊዜ ነዋሪዎች በምን እንደሞቱ ተከታትለዋል። ማን በፋብሪካው፣ ማን በአባቱ ልብስ፣ ማንስ በተራራው እንደታመመ አንድ በአንድ መለየት እጅግ ከባድ ነው። አብዛኛው ሰው ሦስቱንም ቀምሷል።

ባለዕዳው ማን ነው?

የአፈር ክዳን እንደ ሐውልት አይደለም፤ አቁመውት አይሄዱም። እንደ ሣር ክዳን ቤት ነው፤ በየጊዜው ካልታደሰ ያፈሳል። ሕጉም ይህን ስለሚያውቅ መርዙ እዚያው እስካለ ድረስ ቦታው በየአምስት ዓመቱ እንዲመረመር ያዝዛል። በሌላ አነጋገር ለዘለዓለም ማለት ነው፤ አስቤስቶስ አይበሰብስምና።

ለዘለዓለም የሚቆይ ዕዳ ደግሞ ለዘለዓለም የሚቆይ ባለዕዳ ይፈልጋል። እስቲ እንቁጠራቸው። «ኪስቢና ማቲሰን» በ1962 አከተመ። ኒኮሌት በ1987 በሕግ መክሰሩን አስመዘገበ። ተርነር ኤንድ ኒዎልን በ1998 ፌደራል ሞጉል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ ይህም ገዢ በአስቤስቶስ ክስ ብዛት ተጨናንቆ በ2001 ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። አገሪቱ ራሷ እንኳ ምንኛ እንደተንገታገተች እንይ። ኤጀንሲው በ1989 አስቤስቶስን ሊያግድ ደንብ ቢያወጣ ፍርድ ቤት በ1991 አብዛኛውን ሻረበት፤ ክሪሶታይልን የሚያግድ ደንብ የወጣው በማርች 2024 ነው። ኩባንያ ይከስራል፣ ስም ይለውጣል፣ ይሸጣል። ሕግ ይወጣል፣ ይሻራል። ክምሩ ግን ያለበት አለ።

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ አፈር የለበሰ አስቤስቶስ «አለቀለት» የሚባልበት ቀን የለም። ይህን ማለቴ ሰው ለማስፈራራት አይደለም። ማዳፈን ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ በአምብለርም ከሌሎቹ አማራጮች የተሻለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስሕተቱ ማዳፈንን ማጥፋት ብሎ መጥራት ነው። «ጠፍቷል» የተባለ እሳት ጠባቂ አይቆምለትም። «ተዳፍኗል» የተባለ እሳት ግን ጠባቂ አለው፤ ለልጆችም ይነገራል።

አምብለር ውስጥ የሚያስደስተው ይህ መነገሩ ነው። የከተማዋ ሰዎች ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ተራሮቹና ስለ ሞቱባቸው ዘመዶች የተናገሩት ተቀድቶ ተቀምጧል። የ17 ፎቁን ሐሳብ ያስቆሙትም ምንም ዓይነት መሣሪያ ያልነበራቸው፣ ነገር ግን ከዛፎቹ ሥር ምን እንዳለ ያልረሱ ጎረቤቶች ናቸው። ከ60 ሳንቲ ሜትሩ አፈር በላይ ሌላ ክዳን ቢኖር ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች ሲያልፉ ደግሞ ልጆቻቸው ሊረከቡት ይገባል፤ ከዚያም የልጅ ልጆቻቸው።

ሜሪ አምብለር በ1856 ቁስለኞቹን ለማንሳት ሲሮጡ ሥራው የአንድ ቀን፣ ቢበዛ የጥቂት ሳምንታት ነበር። በስማቸው የምትጠራው ከተማ የተረከበችው ማስታመም ግን ማብቂያ የለውም። በየአምስት ዓመቱ አንድ ሰው መጥቶ አጥሩን ያያል፣ ሣሩን ይረግጣል፣ የጅረቱን ዳር ይመለከታል፣ «ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። የተዳፈነውን እሳት የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት እስካለ ድረስ፣ ደህና ነው።